የካቨንዲሽ ቤተሰብ፦ አንድ ርስት፣ አንድ ወራሽ

ስለ ካቨንዲሾች፣ ማለትም ስለ እንግሊዞቹ የዴቮንሻየር ዱኮች (ዱክ ከንጉሣውያን ቀጥሎ ከፍተኛው የመኳንንት ማዕረግ ነው) ለቀረቡ አምስት ጥያቄዎች መልስ ይኸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሀብቱ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከገዳማት መወረስና ከጋብቻ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ሲዘጋ ንብረታቸውን ከተረከቡት ሹማምንት አንዱ ዊሊያም ካቨንዲሽ ነበር። በ1547 ቤስ ኦፍ ሃርድዊክን አገባ፤ በ1549 በደርቢሻየር የሚገኘውን የቻትስዎርዝን ርስት በ600 ፓውንድ ገዙ። የቤተሰቡ እውነተኛ መሥራች ቤስ ናት፤ አራት ጊዜ አግብታ በየጋብቻው ሀብቷን አሳደገች። ልጇ ዊሊያም በ1618 የዴቮንሻየር ኧርል (ከዱክ በታች ያለ ማዕረግ) ሆነ። 4ኛው ኧርል በ1688 በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነውን የኦሬንጁን ዊሊያም ከሆላንድ በደብዳቤ ከጠሩት ሰባት ሰዎች አንዱ ስለነበር በ1694 ዱክ ተባለ።

ጥያቄ፦ ካቨንዲሽ ከሆኑ ዴቮንሻየር ምንድን ነው?

መልስ፦ የማዕረግ ስም ነው፤ መቀመጫቸው ደርቢሻየር ነው። በአባት ስም ለምንጠራ ለእኛ ይህ ግር ያሰኛል። የዘር ሐረጉን ስታነቡ ከስሙ በፊት የዱኩን ተራ ቁጥር ያዙ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዱኮች ሁሉም ዊሊያም ይባላሉና። ወራሹ አባቱ በሕይወት ሳለ በተለምዶ የሃርቲንግተን ማርኩዊስ (በዱክና በኧርል መካከል ያለ ማዕረግ) ይባላል። 8ኛው ዱክ መጀመሪያ ሎርድ ካቨንዲሽ፣ ከ1858 ጀምሮ ሃርቲንግተን፣ ከ1891 ጀምሮ ዴቮንሻየር ተብሏል። ብዙ አንባቢ አንዱን ሰው ሦስት አድርጎ የሚቆጥረው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ መሬቱ ሳይከፋፈል እንዴት ቆየ?

መልስ፦ በአማራው የርስት ሥርዓት ልጆች ሁሉ ድርሻ ነበራቸው፤ መሬቱም በየትውልዱ ይሸነሸን ነበር። እዚያ ግን ዋናው ርስት ለበኩር ወንድ ልጅ ብቻ ያልፋል፤ ታናናሾቹ የሚያገኙት አበል ነው። ወንድ ልጅ ከሌለ ለቅርብ ወንድ ዘመድ ይሄዳል። 6ኛው ዱክ ሳያገባ በ1858 ሲሞት የአጎቱ የልጅ ልጅ ወረሰ። በተቃራኒው በጋብቻ የሚመጣው ሁሉ ይጨመራል፤ የ4ኛው ዱክ ሚስት ሻርሎት ቦይል የአየርላንዱን የሊዝሞር ግንብና በእንግሊዝ ያለውን የቦልተን አቢ ርስት ይዛ መጣች።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ጎዳቸው?

መልስ፦ የውርስ ግብር። ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ስለነበር፣ ያ ሰው ሲሞት ግብሩ በሙሉው ላይ ያርፍ ነበር። 10ኛው ዱክ ይህን አውቆ ንብረቱን አስቀድሞ አስተላልፎ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ሕግ ግን ከግብሩ ለመዳን ሰጪው ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት እንዲኖር ይጠይቅ ነበር። ጥቂት ወራት ሲቀሩት በኅዳር 1950 እንጨት ሲፈልጥ ሞተ። ግብሩ 80 በመቶ ሆነ። ሰፊ መሬት ተሸጠ፣ ውድ ሥዕሎች ለመንግሥት ተሰጡ፣ ቤስ ያሠራችው ሃርድዊክ ሆል የተባለው ትልቅ መኖሪያ ቤት ራሱ ከእጃቸው ወጣ። ሃርድዊክን ማጣታቸው ከሁሉ የከበደ ይመስለኛል። የቻትስዎርዝን መኖሪያ ቤት ከ1981 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ቤተሰቡ የሚኖርበት ኪራይ እየከፈለ ነው።

ጥያቄ፦ የካቨንዲሽ ሙዝ ከእነሱ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ አዎ። የ6ኛው ዱክ አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን በ1830ዎቹ በቻትስዎርዝ የመስታወት ቤት አሳድጎ በጌታው ቤተሰብ ስም ሰየመው። በአርባ ምንጭ ከሚለሙት የሙዝ ዝርያዎች መካከልም የካቨንዲሽ ወገኖች አሉ።