ለገብርኤል ሀዋሳ ለምትወርዱት፦ ስለ ማታዋ ጀልባ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለታህሳስ ገብርኤል 14 ሆናችሁ ሀዋሳ እንደምትወርዱ ጽፈሻል። ጀምበር ስትጠልቅ ሀይቁ ላይ ሙዚቃ ከፍታችሁ በጀልባ መጫወት ትፈልጋላችሁ። እናትሽና ሁለት ትንንሽ ልጆችም አብረዋችሁ አሉ። «አንድ ትልቅ ጀልባ ይሻላል ወይስ ሁለት? ስንት ሰዓት እንነሳ? እናቴንስ አይከብዳትም?» ነው ያልሽው።

የባለቤቴ ቤተሰቦች ሀዋሳ ናቸው። በየዓመቱ ማለት ይቻላል እንሄዳለን። የማታ ጀልባውን ስድስት ሰባት ጊዜ ወጥቼበታለሁ። አንዱ ጊዜ ክፉኛ አስደንግጦኛል፤ አንዱን ደግሞ መቼም አልረሳውም። ሁለቱንም እነግርሻለሁ።

ከሰዓቱ ልጀምር፤ አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት እሱ ላይ ነው። በታህሳስ ሀዋሳ ላይ ፀሐይ የምትገባው 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ሰው ይህን ይሰማና 12 ሰዓት ላይ ሀይቁ ዳር ከች ይላል። ያኔ ረፍዷል። ገና ዋጋ መከራከር አለ፣ ላይፍ ጃኬት መልበስ አለ፣ ሽንት ቤት የሄደውን መጠበቅ አለ። እኛ አገር ደግሞ ምሽቱ ቶሎ ነው የሚወርደው። ፀሐይ ገብታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድፍን ብሎ ይጨልማል። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ዳር ሁኑ፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 11 ሰዓት ላይ ውሃው ላይ ተገኙ። ፀሐይዋ ስትገባ ፊታችሁን ወደ ዳር አዙሩ። በጨለማ ሀይቁ መሀል የምትሠሩት ምንም ነገር የለም።

ይህን ያስተማረችኝ ያቺ ያስደነገጠችኝ ማታ ናት። 11 ሰው ሆነን ነበር። ጀልባዋ ግን ለስምንት ሰው እንኳ የምትጠብ ነበረች። ባለጀልባው «ችግር የለም፣ ትችላለች» አለን። እኛም በዓል ነው፣ ተለያይተን ምን እናደርጋለን ብለን ተጠጋግተን ገባን። ላይፍ ጃኬቱ ስድስት ብቻ ነበር። የተነሳነው 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ስንሄድ ደስ ይል ነበር፤ ዘፈን፣ ጭብጨባ፣ ሳቅ። ስንመለስ ግን ጨልሟል። ድንገት ሞተሩ ጉርርር አለና ቀጥ ብሎ ቆመ።

መረብ ነው የያዘን። የሀዋሳ አሳ አጥማጆች መረባቸውን ማታ ይጥላሉ፤ ጎህ ሲቀድ ያወጣሉ። መረቡ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ከላይ የሚንሳፈፍ ባዶ ሀይላንድ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ ነው። በብርሃን በደንብ ይታያል። በጨለማ ማን ያየዋል? ባለጀልባው በስልኩ መብራት ጎንበስ ብሎ በቢላዋ መቁረጥ ጀመረ። ሁላችንም ምን ሆነ ብለን ወደሱ ጎን ዞርን። ጀልባዋ አዘነበለች። ቀዝቃዛ ውሃ እግሬ ስር ገባ። ያኔ አምስት ዓመቷ የነበረችው ልጄ ላይፍ ጃኬት አልደረሳትም። እጇን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ። ቤት ገብተን ሳያት የጣቶቼ ምልክት ክንዷ ላይ ቀርቶ ነበር። ከ20 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦታ ያለው ሀይቅ ነው እኮ!

መረቡም የሰው እንጀራ ነው። በማግስቱ ጠዋት አሳ ገበያው፣ አሞራ ገደል ሄደን ባለቤቱን አፈላልገን አገኘነው። ከባለጀልባው ጋር አዋጥተን ካስነው። ባለመረቡ ምንም ክፉ ቃል አልተናገረንም፤ የተቆረጠውን መረብ እየዘረጋ ዝም ብሎ ያየው ነበር። ያ ዝምታ ነው እስከ ዛሬ የሚሰማኝ።

ስለዚህ 14 ሆናችሁ አንድ ጀልባ ውስጥ አትግቡ። ሁለት ያዙ፤ ጀልባዎቹ ትንንሽ ከሆኑ ሦስት። ባለጀልባው «ትችላለች» ቢልሽም አትስሚው። ላይፍ ጃኬቱን ራስሽ ቁጠሪ፤ 14 ካልሞላ ሌላ ቦታ ሂዱ። ለልጆቹ በልካቸው የሚሆን ይኑር። የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ላይ በአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ዚፑንም ማሰሪያውንም ገና ዳር ላይ እያላችሁ ዝጉ፤ ጀልባ ላይ «እለብሰዋለሁ» ያለ ሰው ሲለብስ አይቼ አላውቅም።

ሁለት ጀልባ ሲሆን ጨዋታው ይቀዘቅዛል ብለሽ አትፍሪ። እንዲያውም ይደምቃል። አንዱ ጀልባ ዘፈን ሲያወጣ ሌላው ይቀበላል። እናትሽን፣ ልጆቹን፣ ረጋ ያሉትን ሰዎች አንዱ ላይ አድርጊ። ጨፋሪዎቹን ከነስፒከራቸው ሌላው ላይ። ድምፅ በሚያሰማማ ርቀት ጎን ለጎን ይሂዱ። ግን አንዱን ከአንዱ ማሰር፣ ከጀልባ ጀልባ መሻገር ክልክል ይሁን። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ለወጣቶቹ ንገሪያቸው።

ስለ ጭፈራው ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። እስክስታ ለጀልባ የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ተቀምጠሽም ትከሻሽ ይጨፍራል። ጉራጊኛ ግን ሰው ተቀምጦ አይችለውም። ዘፈኑ ገና ሲጀምር ሁሉም ብድግ ይላል፤ እግር ይነሳል፤ ጀልባዋ ትናወጣለች። ስለዚህ ዘፈን የሚመርጠው ሰው ጉራጊኛውን ለዳር ያቆየው። ወርዳችሁ ሣሩ ላይ እስኪበቃችሁ ትጨፍሩበታላችሁ።

ቀኑን በተመለከተ፣ በ19 ባትወጡ ይሻላል። የገብርኤል ዕለት ከተማው ሌላ ከተማ ነው የሚሆነው። ከየአገሩ የመጣው ምዕመን ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ ዋናውን መንገድ ይዞ ቀጥ ብሎ ሀይቁ ዳር ወዳለው መዝናኛ፣ ወደ ፍቅር ሀይቅ ይወርዳል። መኪና አይንቀሳቀስም። ጀልባ ቢገኝም ባለጀልባው ቶሎ መልሷችሁ ሌላ ሰው መጫን ነው የሚፈልገው። ዕለቱን ለንግሡ ስጡት። በ20 ውጡ፤ እንግዳው ግማሹ ተመልሷል፣ ባለጀልባዎቹም ረጋ ብለዋል።

ዋጋ ስትነጋገሪ በሰው ሳይሆን በጀልባ ተነጋገሪ። በሰው ከሆነ እየጨመሩ መጫን ይመጣል። ስንት ሰዓት ውሃው ላይ እንደምትቆዩ፣ ጉማሬ ጋ መድረሱ እንደተካተተ፣ ፀሐይዋ እስክትገባ ሞተር አጥፍቶ እንደሚቆም ቀድማችሁ ተስማሙ። ገንዘቡን ስትመለሱ ስጡ። በበዓል ሰሞን ዋጋ ይወደዳል። ቢቻል ከሰዓት በፊት አንድ ሰው ሄዶ ጀልባዎቹን አይቶ ይነጋገር። ነፋስ ካለና ውሃው ላይ ነጭ አረፋ ከታየ ደግሞ ለዚያ ቀን ይቅርባችሁ። ሀይቁ ነገም አለ።

ምግብ ላይ አስቢበት፤ ጾመ ነቢያት ነው። ከናንተ ውስጥ አሳ የሚበላም የማይበላም ይኖራል። ይህ ጀልባ ላይ የሚከራከሩበት ጉዳይ አይደለም። ቆሎ፣ የሽምብራ አሹቅ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን ያዙ፤ ሁሉም ይበላዋል። አሳ የሚበላው ሰው ጠዋት አሞራ ገደል ይሂድ፤ ትኩሱ ያለው እዚያ ነው። ትልልቆቹ አሞራዎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ አሳ ከሚበልቱት ልጆች አጠገብ እንደ ሽማግሌ ቆመው ሲጠብቁ ልጆቹ ቢያዩ በጣም ይወዱታል። ጉሬዛም ዛፉ ላይ አይጠፋም።

ቢራ የሚጠጣ ሰው ካለ ከጀልባው በኋላ ይጠጣ። ባለጀልባውን ደግሞ በጭራሽ እንዳትጋብዙት። ኮዳና ፌስታሉን በሙሉ ይዛችሁ ተመለሱ። የሀዋሳ ሀይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የወደቀበት ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው።

ጉማሬውን ልጆቹ ማየታቸው አይቀርም። መጀመሪያ የሚታየው ሁለት ጆሮ ብቻ ነው፤ ከዚያ ፉፉ ብሎ ውሃ ይረጫል። ምሽት ላይ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል። በሱና በዳሩ መካከል መግባት አደገኛ ነው። ባለጀልባው ራቅ ብሎ ቆሞ ከሆነ ለፎቶ ብላችሁ «ጠጋ በል» አትበሉት። ሰዎች «ጉርሻ እንጨምርልሃለን» ብለው ሲያስጠጉት አይቻለሁ፤ እግዚአብሔር አወጣቸው። እዚያ ስትደርሱ ሙዚቃውም ይጥፋ። ልጆቹ ደግሞ ዳር ዳሩን ቄጠማው ውስጥ እግራቸውን እንዳይነክሩ። ቢልሃርዝያ የሚያመጣው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እንደዚያ ያለ ቦታ ነው።

አሁን እናትሽ። አይከብዳቸውም። መግቢያው ላይ ብቻ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይያዛቸው፤ ከመሀል ይቀመጡ። ጋቢ ያዙላቸው፤ የታህሳስ ማታ ውሃ ላይ ይበርዳል። ይህን ስልሽ አማቴ ትዝ ብለውኝ ነው።

አማቴ 40 ዓመት ሀዋሳ ኖረዋል። ጀልባ ላይ ግን ወጥተው አያውቁም ነበር። «ከዳር አይቼው ይበቃኛል» ነበር የሚሉት። ከሁለት ዓመት በፊት የልጅ ልጆቻቸው ለመኗቸው እሺ አሉ። ላይፍ ጃኬቱን በነጠላቸው ላይ አለበስናቸው። መጀመሪያ በሁለት እጃቸው መቀመጫውን አጥብቀው ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ወጣቶቹ በወዲያኛው ጀልባ ይዘፍናሉ። ቀስ እያሉ ዓይናቸውን ገለጡ። ትንሽ ቆይተው በአንድ እጃቸው ጉልበታቸውን መታ መታ ማድረግ ጀመሩ።

12 ሰዓት ሲሆን ስፒከሩ ጠፋ። ይህን አስቀድመን ተስማምተን ነበር፤ እናንተም ተስማሙ። ሞተሮቹም ጠፉ። ያን ሁሉ ጫጫታ ከሰማሽ በኋላ ዝም ሲል ጆሮሽ ላይ የሆነ ነገር ይከፈታል። ውሃው የጀልባዋን ሆድ ቸብ ቸብ ሲያደርግ ይሰማል። ከሩቅ አንድ አሳ አጥማጅ ሲያፏጭ ሰማን። ከተማው ከሀይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይዋ የምትገባው በወዲያኛው ማዶ፣ ከተራሮቹ ጀርባ ነው። ሁላችንም ወደዚያ ስልካችንን ደቅነናል። አማቴ ግን ዞረው ወደ ከተማው ያዩ ነበር። ታቦር ተራራ በመጨረሻዋ ብርሃን እንደ ፍም ቀልቷል። «የኛ ሰፈር ከዚህ እንዲህ ነው የሚታየው?» አሉ። ቀጥለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና ግንባራቸውን አራሱ። ከዚያ ቀስ ብለው መዝሙር ጀመሩ። ጎናቸው ያለችው ልጄ ተቀበለቻቸው። ከዚያ እኛ። በኋላ ላይ በወዲያኛው ጀልባ ሲጨፍሩ የነበሩት ልጆችም በእጅ ጭብጨባ ብቻ ተቀበሉን። ስልኩን ያወረድኩት መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ የዚያን ማታ አንድም የፀሐይ ፎቶ የለኝም።

እሳቸው አሁን «ዘንድሮስ አንወጣም?» የሚሉት ራሳቸው ናቸው።

እህቴ፣ እናትሽን ታቦር በሚታይበት በኩል አስቀምጫቸው። ፀሐይዋን ለማየት ዞር ቢሉ ይበቃቸዋል። ስትመለሱ ደግሞ ጀልባ ዘንድሮ በስንት እንደተስማማችሁ እዚህ ጻፊልን፤ እኛም ለሐምሌው ገብርኤል እያሰብን ነው። በሐምሌ ፀሐይ የምትገባው ወደ 12 ሰዓት ከ45 ነው፤ ደመናው ከፈቀደ ማለት ነው። መልካም በዓል ይሁንላችሁ።