ሠላሳውን ተዉት፣ አምስት ያዙ

ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከአንኮበር እስከ ዓለም ከተማ ላላችሁ ተማሪዎች፣

የብዙዎቻችሁ የቃላት ደብተር መልኩ አንድ ነው። በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ አንዲት የአማርኛ ፍቺ፣ በቀን ሠላሳ፣ ሲብስም ሃምሳ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በሦስት ቀለም እስክሪብቶ አምረዋል፤ ከአሥረኛው ገጽ ወዲያ ባዶ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይሄ ነው። ስንፍና ነው አልልም። ቃሉ ተጽፎ ተዘጋበት እንጂ ማንም ተመልሶ አልጠየቀውም። ስለዚህ በቀን ሠላሳ ደቂቃ ካላችሁ አሥሩን ለአዲስ ቃል፣ ሃያውን ለአሮጌው ስጡ። አብዛኛው ሰው ይህን ገልብጦ ነው የሚሠራው።

አዲስ ቃል በቀን አምስት ይበቃል፤ ያውም ከሰኞ እስከ ዓርብ። ቅዳሜና እሑድ ክለሳ ብቻ።

የትኞቹ አምስት? መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ መሸምደድ ከንቱ ድካም ነው። «ከፍ ያለ እንግሊዝኛ» ሲባል ደግሞ ብዙዎች ማንም ሰምቶት የማያውቅ ቃል ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለውን ቃል ድርሰት ውስጥ ብትሰኩት አስተማሪው ይስቃል፣ እናንተም ዳግመኛ አታገኙትም። የሚያስፈልጋችሁ በባዮሎጂውም በታሪኩም በኢኮኖሚክሱም መጽሐፍ የሚመላለሰው ነው፦ «ሲግኒፊካንት»፣ «ኮንሲስተንት»፣ «ፋክተር»፣ «ኮንትሪቢዩት»። በኒውዚላንድ አቬሪል ኮክስሄድ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዲህ ያሉትን 570 የቃል ቤተሰቦች፣ ማለትም ከአንድ ሥር የሚወጡ ቃላትን እንደ አንድ ቆጥራ፣ ለይታ አውጥታለች፤ በከፍተኛ ትምህርት ጽሑፎች ውስጥ ካለው ቃል ወደ 10 በመቶ የሚጠጋውን ይሸፍናሉ። በሳምንት 25 ቢያዝ 570ው በ23 ሳምንት ያልቃል። በመስከረም አጋማሽ የጀመረ የካቲት ሳይወጣ ይጨርሳል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፤ ዝርዝሩ የተዘጋጀው 2,000 ያህል የዕለት ተዕለት ቃላትን ለሚያውቅ ሰው ነው። የዘጠነኛ ክፍልን ምንባብ ስታነቡ በየመስመሩ የምትደናቀፉ ከሆነ ከእነዚያ ጀምሩ። ማፈር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ሉክ ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ብትቀድዱት ስምንት ካርድ ይወጣዋል። በካርዱ ፊት አማርኛውን ጻፉ፤ በጀርባው እንግሊዝኛውን፣ ቃሉ ያለበትን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገርና አብረውት የሚሄዱትን ቃላት። አማርኛው ከፊት የሆነው በምክንያት ነው። እንግሊዝኛውን አይቶ «አወቅኩት» ማለት ቀላል ነው፤ ፈተናው ባዶ ወረቀት ላይ ቃሉን ከራስ ማውጣት ነው። የኋላውን ከማየታችሁ በፊት ድምፅ አውጥታችሁ መልሱ። በልብ የተመለሰ መልስ ራስን ያታልላል።

አነባበቡን በእኛ ፊደል መጻፍ ለጊዜው ይረዳል፤ አትመኑት ግን። መርከብና በግ በእንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው፣ አንዱ አጭር አንዱ ረዥም። በፊደላችን ሁለቱም «ሺፕ» ሆነው ይቀራሉ። የመንዝ በግ ሲሸጥ ውሎ መርከብ ሸጥኩ የሚል ሰው እንዲህ ነው የሚፈጠረው። በዚህ ላይ እንግሊዝኛ ከቃሉ አንዱን ክፍል ጫን ብሎ ያነባል። «ሪከርድ» ስም ሲሆን ፊተኛው ክፍል፣ ግስ ሲሆን ኋለኛው ይጠብቃል። መዝገበ ቃላት ላይ ከሚጫነው ክፍል በፊት ትንሽ ቀጥ ያለች ጭረት አለች፤ እሷን ካርዱ ላይ ቅዱ።

ካርዱ ከተጻፈ በኋላ የጫማ ካርቶን ፈልጉና በወፍራም ወረቀት አምስት ቦታ ክፈሉት። ዘዴው ሰባስቲያን ላይትነር ከተባለ በጀርመንኛ ይጽፍ ከነበረ ደራሲ የመጣ ነው። አዲስ ካርድ አንደኛው ክፍል ይገባል፣ በየቀኑም ይጠየቃል። ከተመለሰ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እዚያ በየሁለት ቀኑ፣ ሦስተኛው ላይ በየሳምንቱ፣ አራተኛው ላይ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ አምስተኛው ላይ በወር አንዴ ይታያል። የተሳሳታችሁት ካርድ የትም ይኑር የት ወደ አንደኛው ይመለሳል። እዚህ ላይ ለራስ ማዘን አለ፤ «ትንሽ ነው የሳትኩት» ተብሎ ካርዱ እዚያው ይተዋል፣ በወሩ ካርቶኑ በሙሉ የማይታወቅ ቃል ይሆናል። አንደኛው ክፍል ከሃያ ካርድ ካለፈ አዲስ ቃል አቁሙ። ይህን ስሌት ስልክ ላይ የሚሠራ አንኪ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ አንድሮይድ ላይ በነጻ ይገኛል። ሰው ያዘጋጀውን ሺህ ካርድ አውርዶ መጀመር ግን አይረባም፤ ቃሉ የሚያዘው ገና ካርዱን ስትጽፉት ነው።

ተቃራኒዎችን ወይም መንታ የሚመስሉ ቃላትን በአንድ ቀን አትያዙ። «ኢምፖርት»ና «ኤክስፖርት» አብረው ከገቡ የትኛው ማስገባት የትኛው ማስወጣት እንደሆነ ለዓመት ይምታታል። አንዱ ሦስተኛው ክፍል ሲደርስ ሌላውን አምጡት።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለቃሉ ጓደኞች ይሁን። እኛ ፎቶ እናነሳለን፣ እንግሊዝኛ ይወስዳል። እኛ ቀጠሮ እንይዛለን፣ እነሱ ይሠራሉ። ለእኛ ወፍራም የሆነው ቡና ለእነሱ «ስትሮንግ» ነው። የአንዱን ቃል ፍቺ ብቻ የያዘ ልጅ በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋል። «ዲስከስ አባውት» የሚለው ስሕተት ከዚህ የመጣ ነው። አማርኛው «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለሚል «ስለ»ውን ፍለጋ «አባውት» ይጨመራል፤ «ዲስከስ» ግን «ስለ»ን በሆዱ ይዟል። «ኮንትሪቢዩት» በተቃራኒው ብዙውን ጊዜ «ቱ»ን ያስከትላል። ደግሞ የምታውቁትን ቃል ጠርጥሩ። «አድሬስ» አድራሻ መሆኑን ሕፃንም ያውቃል፤ መጽሐፋችሁ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ግስ ሆኖ ለችግር መፍትሔ መፈለግን ይናገራል።

የቃል ቤተሰብ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነገር አይደለም። «ነገረ» ካለ «ተናገረ»፣ «ንግግር»፣ «አነጋገር»፣ «ተናጋሪ» አለ። «አናላይዝ»ን ስትይዙ «አናሊሲስ»ን፣ «አናሊስት»ን፣ «አናሊቲካል»ን እዚያው ካርድ ላይ ጻፉ፤ አራቱም የሚቆጠሩት እንደ አንድ ቃል ነው። የላቲን ሥሮችም ይረዳሉ። «ስፔክት» ማየት ነው፣ «ኢንስፔክት» ወደ ውስጥ አይቶ መመርመር። ሥር ግን ጥቆማ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። በነዳጅ ቦቴ ላይ የሚጻፈው «ኢንፍላመብል» በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው፤ የፊቱን «ኢን» እንደ አፍራሽ ቆጥሮ «የማይቀጣጠል» ነው ያለ ሰው ክብሪት ባይይዝ ይሻላል።

ምንባብ ስትመርጡ አንድ አንቀጽ ላይ 100 ቃል ቁጠሩ። የማታውቁት ሁለት ሦስት ከሆነ በራሳችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ፣ ከዐውዱም ፍቺ መገመት ይሆናል። ከአምስት ካለፈ ከብዷችኋል፤ ቀለል ያለ ፈልጉ። በእንግሊዝኛ የሚታተመው ሄራልድ ጋዜጣ ለአንዳንዱ ይሆናል፣ ለአንዳንዱ ገና ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ ከ25ቱ አሥሩን መርጣችሁ በዙሪያችሁ ስላለው ነገር አንድ አንቀጽ ጻፉ፦ የኅዳር ውርጭ ስለመታው የባቄላ ማሳ፣ ስለ ጣርማበር ጭጋግ። የምታውቁትን ነገር ስትጽፉ ሐሳብ ፍለጋ አትደክሙም፣ ጉልበታችሁ ለቃሉ ይተርፋል። አንቀጹን ለእንግሊዝኛ አስተማሪያችሁ ስታሳዩ «ጥሩ ነው ወይ?» ሳይሆን «ይህን ቃል እንዲህ ይሉታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አጨዳና ውቂያ ሲመጣ ብዙዎቻችሁ ሳምንት ሁለት ሳምንት ከካርቶኑ ትለያላችሁ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ስትመለሱ አዲስ ካርድ አትጻፉ። ቀኑ ያለፈበትን ሁሉ በቀን ሃያ ሃያ እያደረጋችሁ ጠይቁ፣ የሳታችሁትን ወደ አንደኛው ክፍል መልሱ። ክምሩ ሲያልቅ በማግስቱ ወደ አምስቱ ትመለሳላችሁ።