የታመመ ተክል ያላችሁ ጠይቁ

ሰኔ እየተገባደደ ነው። ክረምቱ ሳይጠናብን የቤት ተክል የታመመባችሁ ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ከደሴ እስከ ወልድያ ጥያቄው ጎረፈ። ፎቶ የላካችሁ ተባረኩ። «ተክሌ ታሟል፣ ምን ይሻላል?» ብቻ ብላችሁ የጻፋችሁ ግን ቅጠሉ ምን እንደሚመስልና በስንት ቀኑ ውሃ እንደምታጠጡ ጨምሩልኝ። እኔ ጠንቋይ አይደለሁም።

ጥያቄ (ደሴ)፦ መኒ ፕላንት የሚሉት ሐረጌ ከታች ጀምሮ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ውሃ አልነፈግሁትም ልጄ፣ በየጠዋቱ ነው የማጠጣው። ምን ጎድሎበት ነው?

መልስ፦ እማማ፣ በዛበት እንጂ አልጎደለበትም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ቤት ውስጥ ያለ አፈር ቶሎ አይደርቅም። ሐምሌ ገብቶ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድማ ጭራሽ ይብሳል። ሥር አየር ይፈልጋል፤ አፈሩ ሁልጊዜ ውሃ ካዘለ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የጠማው ይመስላል። እርስዎም አንጀትዎ አይችልምና አንድ ጣሳ ይደግሙለታል። ብዙ ተክል የሚሞተው እንዲህ በፍቅር ነው።

አሁን ከቫዞው ያውጡትና ሥሩን ይዩት። ጤነኛው ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ ሲጎትቱት ላዩ ተላጦ ክር የመሰለ ነገር ብቻ እጅዎ ላይ ይቀራል። እሱን በንጹሕ መቀስ ቆርጠው በአዲስ አፈር ይትከሉት። ሥሩ ሙሉ በሙሉ ካለቀ ከሐረጉ አንጓ ያለበትን ጤነኛ ቁራጭ ውሃ ባለው ብርጭቆ ያስቀምጡ፤ በጥቂት ሳምንት ሥር ያወጣል። ከዚያ በኋላ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ሳይሰዱ ውሃ እንዳያነሱ። እርጥበት ከተሰማዎት ይለፉት።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ ደሴ ካለችው እህቴ ያመጣሁት ተክል እሷ ጋ አምሮበት ነበር። እኔ ጋ ቅጠሉ በደቃቅ ነጠብጣብ ገረጣ፣ ከጀርባውም ድር አለው። ውሃ በዝቶበት ነው?

መልስ፦ ያንተስ ሌላ ነው። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ይዘህ መታ መታ አድርገው። የወደቁት ነጥቦች ከተንቀሳቀሱ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ነው። ሙቀትና ደረቅ አየር ይመቸዋል። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል በሰኔ ሙቀት በደንብ ይራባል። መጀመሪያ ቅጠሉን በተለይ ጀርባውን በውሃ እጠበው። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠህ አመሻሽ ላይ ርጭ። ሳሙናው እንቁላሉን ስለማይገድል በሳምንት አንድ ጊዜ እያደረግህ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ድገመው። ሌሎቹን ተክሎች አርቅለት።

ጥያቄ (ደሴ)፦ የቡና አተላ ማዳበሪያ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ በረካውን ከጠጣን በኋላ የጀበናውን አተላ ቫዞው ላይ እደፋለሁ። አሁን ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ቤቱን ሞሉት።

መልስ፦ እህቴ፣ ወሎ ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ ቡና እንደሚፈላ እናውቃለን፤ ያን ሁሉ አተላ የትኛው ቫዞ ይችለዋል? አፈሩ ላይ ይጋገራል፣ ይሻግታል። ዝንቦቹም እርጥብና የሻገተ አፈር ውስጥ ነው እንቁላል የሚጥሉት። አተላውን ከላይ ጠርገሽ አንሺ፣ አፈሩ ሁለት ጣት ያህል እስኪደርቅ ውሃ ከልክዪው፣ ከላዩ ደረቅ አሸዋ አልብሺው። አተላውን ከጓሮ ኮምፖስት ጋር ብትቀላቅዪው ግን ጥሩ ነው።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ እሬቴ ከሥሩ ለስልሶ ወደቀ። የተከልኩት በዘይት ጣሳ ነው።

መልስ፦ ጣሳው ታች ቀዳዳ አለው? ከሌለው በምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሳው። የእርሻ ጥቁር አፈር ብቻ ከሆነ ደግሞ ግማሹን አሸዋ አድርገው፤ ያ አፈር ውሃ ይዞ አይለቅም። ከእሬቱ ጤነኛ ቡቃያ ካገኘህ ቁስሉ ጥቂት ቀን ይድረቅና ትከለው።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ ባለቤቴ ከእርሻ የተረፈ ዩሪያ ማዳበሪያ የቤት ተክሌ ላይ በእፍኝ ጨመረበት። በሁለት ቀን የቅጠሉ ጫፍ ሁሉ ተቃጠለ።

መልስ፦ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ለጤፍ ማሳ የሚበተን ነገር ለአንድ ቫዞ በእፍኝ! የሚታየውን የዩሪያ ፍሬ ልቀሙና ቫዞውን ውጭ አውጥታችሁ ከታች በደንብ እስኪፈስ ደጋግማችሁ ውሃ አሳልፉበት። ውሃ አብዙ የምለው እዚህ ላይ ብቻ ነው። የተቃጠለው ቅጠል አይመለስም፤ የምትጠብቁት አዲሱን ነው። እስከ መስከረም ምንም ማዳበሪያ እንዳይነካው፣ ዩሪያውንም ባለቤትሽ ወደ ማሳው ይመልሰው።