የቤት ድለላን በፈቃድ ለመሥራት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው አራት ደብዳቤዎች ከመሀል አዲስ አበባ የተላኩ ናቸው። ሦስቱን የጻፉልን ቤት በማሻሻጥና በማከራየት ሥራ የተሰማሩ ወይም ሊሰማሩ ያሰቡ ሰዎች ሲሆኑ፣ አራተኛዋ ጠያቂ ግን በደላላ አማካይነት ቤታቸውን ሊያከራዩ የተዘጋጁ እናት ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ተወልጄ ያደግሁ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ አለኝ። ለዘመድና ለጎረቤት የሚከራይና የሚሸጥ ቤት ሳፈላልግ ቆይቻለሁ፤ አሁን ሥራውን በሕጋዊ መንገድ ልይዘው እፈልጋለሁ። ቨርጂኒያ የምትኖረው ታላቅ እህቴ እሷ ፈቃዷን ያገኘችው የ60 ሰዓት ትምህርት ተከታትላና ተፈትና እንደሆነ ነግራኛለች። እዚህስ የምማረው የት ነው? የሚፈትነኝስ ማን ነው?

መልስ፦ እህትዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። በቨርጂኒያ የቤት ሽያጭ ሠራተኛ ለመሆን 18 ዓመት የሞላውና ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀ ሰው 60 ሰዓት ይማራል፤ ከዚያም አንዱ ክፍል ስለ አጠቃላይ የሙያው ዕውቀት፣ ሌላው ስለ ግዛቲቱ ሕግ የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ፈተና ይወስዳል፤ የጣት አሻራም ይሰጣል። ፈቃዱን ካገኘ በኋላም ለብቻው ቢሮ ከፍቶ መሥራት አይችልም፤ ከፍ ያለ ፈቃድ ባለው ደላላ ሥር ሆኖ ይሠራል፤ በመጀመሪያው ዓመትም ተጨማሪ 30 ሰዓት መማር ይጠበቅበታል። ራሱን የቻለ ደላላ ለመሆን ደግሞ የ180 ሰዓት ትምህርትና ካለፉት አራት ዓመታት ውስጥ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል።

በአዲስ አበባ የሚያወጡት ፈቃድ ግን የንግድ ሥራ ፈቃድ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላ ማለት ለጥቅም ብሎ፣ ሙያው አድርጎ፣ በራሱ ነፃነት ሰዎችን ለሽያጭ፣ ለኪራይ፣ ለኢንሹራንስ ወይም ለሌላ ውል የሚያገናኝ ሰው መሆኑን ገልጾ፣ የሚያገናኘው ለማንኛውም ዓይነት ውል ቢሆን ነጋዴ ነው ሲል ደንግጎ ነበር። ዛሬም ፈቃዱ የሚሰጠው ደላላውን እንደ ነጋዴ በማየት ስለሆነ፣ የሚመሩበት ሕግ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1150/2011 ነው።

በመጀመሪያ የሚወስኑት በግለሰብ ነጋዴነት ይመዘገቡ ወይስ ማኅበር ያቋቁሙ የሚለውን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ፣ ሥራው ላይ ዕዳ ቢመጣ የግል ንብረትዎ እንዳይነካ ከፈለጉ ይህ መንገድ ክፍት ነው። ለጀማሪ ግን ወጪውም የሒሳብ አያያዙም የሚቀለው የግለሰብ ነጋዴነት ስለሆነ፣ በዚያ ቢጀምሩ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። ቀጥሎ የንግድ አድራሻ ያስፈልግዎታል። ቢሮው የራስዎ ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫውን፣ የተከራዩት ከሆነ የኪራይ ውሉን ያዘጋጁ። ማመልከቻው ኢትሬድ በተባለው የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢንተርኔት ሥርዓት ይቀርባል፤ ኮምፒውተር የሚያስቸግራቸው ሰዎች በወረዳቸው ወይም በክፍለ ከተማቸው ንግድ ጽሕፈት ቤት እየተረዱ ይሞላሉ። የፋይዳ መታወቂያዎንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን ይዘው ይቅረቡ፤ በሁለቱ ላይ ያለው ስም በፊደልም ቢሆን እንዳይለያይ አስቀድመው ያመሳክሩ፤ ብዙ ሰው የሚመላለሰው በዚህ ምክንያት ነውና።

የሥራ መደቡን፣ ማለትም ፈቃዱ የሚሸፍነውን የንግድ ዓይነት፣ በምትመርጡበት ጊዜ አትቸኩሉ፤ ይህን ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ይህን ሥራ ላሰባችሁ ሁሉ እላለሁ። መደቡ ቤትና ቦታ ማገናኘትን የሚሸፍን መሆኑን ባለሙያውን ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ ለመኪና ድለላ የወጣ ፈቃድ ለቤት ሥራ መከታ አይሆንም። በ2017 ዓ.ም. የሪል እስቴት ልማትን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትንና ግመታን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1357/2017 ስለወጣ፣ ማመልከቻ በምታስገቡበት ዕለት በዚህ አዋጅ መሠረት ከደላላ የሚጠየቅ ተጨማሪ የብቃት ማረጋገጫ ካለ እዚያው ጠይቁ። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ በግልጽ በሚታይ ቦታ ይሰቀላል፤ በየዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ይታደሳል፤ ያ ካለፈ ግን ቅጣት አለው። ለማደስ የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለብዎት የሚያሳይ ማስረጃ፣ ስለሚጠየቅ፣ ከመጀመሪያው ኮሚሽን ጀምሮ ደረሰኝ መቁረጥና ገቢን መመዝገብ የግድ ነው። እርስዎ አካውንቲንግ ስለተማሩ በዚህ በኩል ከብዙዎች የተሻለ መነሻ አለዎት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እመለሳለሁ። በምዝገባው መስኮት ላይ የሚጠየቁት ማንነትዎን፣ አድራሻዎንና ግብርዎን የሚያሳዩ ወረቀቶች ናቸው፤ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ማንበብ ይችሉ እንደሆነ፣ ውክልና ሲቀርብልዎ ምኑን እንደሚመለከቱ የሚፈትንዎት የለም። አንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በእርስዎ ቃል ተማምኖ ሊያወጣ ስለሚችል፣ እህትዎ በ60 ሰዓት የተማሩትን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ በራስዎ ጥረት መማር አለብዎት ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን የውል፣ የውክልናና የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ክፍሎች ገዝተው ያንብቡ፤ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004ን እና የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992ንም ይጨምሩ። ከተቻለም ፈቃድ ካለው ነባር ደላላ ጋር ተቀጥረው አንድ ሽያጭ ከመጀመሪያው የቤት ማሳየት እስከ ስም ዝውውሩ ድረስ ሲሄድ ይከታተሉ።

ጥያቄ፦ ፈቃዴን አውጥቼ አራት ኪሎ አካባቢ ቢሮ ከፍቻለሁ። ሰሞኑን አንድ ሰው፣ ውጭ አገር የሚኖር ወንድሙን ወክሎ የግቢ ቤት እንድሸጥለት ጠይቆኛል። ገዢም አግኝቼለታለሁ። ወረቀቶቹን ሳይ ሁሉም ማኅተም አላቸው። ሌላ ምን ማጣራት ይጠበቅብኛል?

መልስ፦ ማኅተም መኖሩ ብቻ በቂ ስላልሆነ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ውክልናውን ከራስጌው እስከ ግርጌው ቃል በቃል ያንብቡት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ንብረቴን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ በፍርድ ቤት እንዲቆምልኝ» የሚል ሰነድ ገጹ ቢበዛም ለመሸጥ ሥልጣን አይሰጥም። «እንዲሸጥ» የሚለው ቃል መኖሩን፣ ቤቱ በካርታ ቁጥሩና በአድራሻው ተለይቶ መጠቀሱን፣ ገንዘቡን የመቀበል ሥልጣንም መሰጠቱን ይመልከቱ። ሰነዱ የተሰጠው ውጭ ባለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ከሆነ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት በኩል ማለፉን ያረጋግጡ። ወካዩ ውክልናውን በማንኛውም ጊዜ ሊሽረው ስለሚችልና ወካዩ ከሞተ ውክልናው በመርህ ደረጃ ቀሪ ስለሚሆን፣ ወረቀቱ ትናንት ትክክል መሆኑ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም። ከወንድምየው ጋር ራስዎ በስልክ፣ ቢቻል ፊቱን እያዩ በቪዲዮ ይነጋገሩ። ተወካዩ ይህን ለመፍቀድ ካመነታ ሥራውን ይተዉት።

ቀጥሎ ባለቤቱ ያገባ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ቤቱን የግሉ አያደርገውም፤ በመሀል ከተማው የፍርድ ቤት ክርክር ከሚያስነሱት ጉዳዮች ይህ አንዱ ነው። ያላገባ ወይም የተፋታ ከሆነም ይህንኑ የሚያሳይ ማስረጃ ይቀርባል። ቤቱ በውርስ የመጣ ከሆነ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃውን አይተው፣ የወራሾቹን ቁጥር ቆጥረው፣ ሁሉም መስማማታቸውን ያጣሩ።

ካርታውን በተመለከተ፣ የባለይዞታው ስም፣ የቦታው ስፋት፣ የቤት ቁጥሩና የይዞታው ዓይነት፣ ማለትም ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ወይም ሊዝ መሆኑ፣ መሬት ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ሜትር ይዘው ይለኩ። አንዳንዴ አጥሩ ከካርታው አልፎ ይገኛል፤ ገዢው ግቢውን በዓይኑ አይቶ ይስማማና ስሙ የሚዛወርለት ግን ካርታው ላይ ያለው ስፋት ብቻ ይሆናል። ይዞታው ሊዝ ሆኖ ግንባታው ከግማሽ በታች ከሆነ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለማስተላለፍ የተለየ ሥርዓት ስላስቀመጠ በተራ የሽያጭ ውል አይሄድም። በመጨረሻ ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑ ይዞታውን ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ባለቤቱ በቃሉ «ዕዳ የለበትም» ማለቱን ለገዢው እንዳያስተላልፉ።

ስለ ሌሎች ቤቶችም ሁለት ነገር ልጨምር። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው ሊሸጥ አይችልም፤ «ውሉን ለጊዜው በውክልና እንያዘው» የሚል ሻጭ ገዢዎን ለክርክር እየጋበዘ ነው። በአራዳና በቂርቆስ ከሚገኙት ቤቶች ብዙዎቹ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 በመንግሥት እጅ የገቡ የቀበሌ ቤቶች ስለሆኑ፣ ነዋሪው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም። ተከራዩ የቀበሌ ቤቱን «ቁልፍ» እያለ ለሌላ ሰው የሚያደርገውን ሽያጭ ማገናኘት ፈቃድዎን ብቻ ሳይሆን ራስዎንም በወንጀል ሊያስጠይቅ ስለሚችል በጭራሽ አይግቡበት።

ጥያቄ፦ ለገሀር አካባቢ ለሚገነባ አፓርታማ በኮሚሽን እየሠራሁ ነው። ደመወዝ የለኝም፤ የሥራ ውልም አልፈረምሁም። የድርጅቱ ፈቃድ ለእኔም ይሠራል ተብያለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ የድርጅቱ ተቀጣሪ ከሆኑ በድርጅቱ ፈቃድ ይሠራሉ፤ ያን ጊዜ ግን የሥራ ውልና ደመወዝ ሊኖርዎት ይገባል። ደመወዝም ውልም ሳይኖር፣ ገዢ ሲያመጡ ብቻ የሚከፈልዎት ከሆነ በራስዎ ስም የሚነግዱ ሰው ስለሆኑ የራስዎ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። የንግድ ፈቃድን ለሌላ ሰው ማስተላለፍም ሆነ ማከራየት በሕግ የተከለከለ ነው። ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ድርጅቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ኮሚሽኑ መቼና በስንት በመቶ እንደሚከፈል፣ ገዢው ውሉን ቢያቋርጥ ምን እንደሚሆንም እዚያው ይጻፍ። ከገዢ የሚመጣ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ በእርስዎ ሒሳብ በኩል አንድ ብር እንኳ እንዳያልፍ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ የምኖር እናት ነኝ። ባለ ሁለት መኝታ ቤቴን ለማከራየት አንድ ደላላ ተስማምቶኛል። የስድስት ወር ቅድሚያ ላስከፍልልዎ ብሎኛል፤ ከተከራዩም «መያዣ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሎ እሱ ዘንድ አስቀምጧል። የእሱስ ክፍያ ስንት መሆን አለበት?

መልስ፦ እማማ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበልን ስለማይፈቅድ፣ የስድስት ወሩን ሐሳብ አይቀበሉት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይኖረዋል፤ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥም በወረዳዎ ይመዘገባል፤ ኪራዩ ደግሞ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ቤቱ የጋራ ከሆነ ከማከራየትዎ በፊት የትዳር ጓደኛዎን ስምምነትም ይያዙ።

በደላላው እጅ ያለው ገንዘብ ነገ ከነገ ወዲያ ሳይባል ለተከራዩ ይመለስ፤ ወይም ውሉ ሲፈረም ከሁለት ወር ባልበለጠ ቅድሚያ ላይ ታስቦ በእርስዎ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ገንዘቡ «ቀብድ» ተብሎ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠው ሰው ሐሳቡን ቢቀይር የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለው ቢቀይር እጥፉን ይመልሳል። ደላላው በእርስዎ ስም ተቀብሎ ከሆነ እጥፉን እንዲመልሱ የሚጠየቁት እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

ክፍያውን በተመለከተ ልማዱ እንደ ሰፈሩና እንደ ቤቱ ዓይነት ይለያያል፤ በሽያጭ ብዙ ጊዜ የሚሰማው 2 በመቶ ነው። ከልማዱ ይልቅ የሚበጅዎ ግን ቤቱን ከማሳየቱ በፊት የተፈረመ አንድ ገጽ ስምምነት ነው፦ ስንት እንደሚከፍሉት፣ መቼ እንደሚከፍሉት፣ ከተከራዩም ይቀበል እንደሆነና እንዳልሆነ። ከሁለቱም ወገን የሚቀበል ከሆነ ሁለታችሁም ልታውቁት ይገባል። የንግድ ፈቃዱን ጠይቀው የዘንድሮ መታደሱን ይዩ፤ ክፍያውንም በደረሰኝ ይፈጽሙ። ፈቃዱን ለማሳየት ካንገራገረ ገንዘቡን ለተከራዩ አስመልሰው ሌላ ሰው ይፈልጉ።