ካሜራ ለያዛችሁ ልጆቼ፦ ስለ ፊትና ስለ ገላ

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ፎቶግራፍ የሚማሩ ሁለት ወጣቶች ቤቴ መጥተው ነበር። አንደኛው «ጋሼ፣ የዓለምን ትልልቅ ፎቶ አንሺዎች እያጠናን ነው» አለኝና ስልኩን አውጥቶ በጣቱ ይገፋ ጀመር። የጃፓን፣ የፈረንሳይ፣ የሜክሲኮ፤ ፊት፣ ጀርባ፣ እርቃን፣ እንደገና ፊት። የቀዳሁላቸው ሻይ ሳይበርድ ከመቶ በላይ ፎቶ አለፈ። ስልኩን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁትና «ከእነዚህ አንዱን አስታውሰህ ንገረኝ፤ ሴትዮዋ እጇን የት ነበር ያደረገችው?» አልኩት። ዝም አለ። ጓደኛውም ዝም አለ። ያን ዕለት ጊዜ ያጠረኝን ነው አሁን ለሁላችሁም የምጽፈው።

አርባ ዓመት ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። እንጀራዬ ጉርድ ፎቶ ነበር፤ ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለትምህርት ቤት። ሰርግም፣ ምርቃትም፣ ክርስትናም አንስቻለሁ። በአማርኛ ፎቶ አንወስድም፤ እናነሳለን። ሰውየውም ይነሳል። ቃሉን በቀን መቶ ጊዜ ስለው ኖሬ፣ ምን ማለት እንደሆነ ያሳየኝ ግን በአካል የማላውቀው አንድ የባማኮ ሰው ነው።

ሴዱ ኬይታ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1948 ማሊ ውስጥ፣ ባማኮ ከተማ፣ ፎቶ ቤት ከፈተ። ግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን ነበር የሚያነሳው። ከደንበኛው ኋላ የሚሰቅለው ጨርቅ መጀመሪያ ላይ የገዛ አልጋ ልብሱ ነው። ፊልም ውድ ስለነበር አንድን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ ያነሳዋል። ስለዚህ ካሜራው «ቀጭ» ከማለቱ በፊት ያለው ሁሉ ሥራ ነበር፤ አቀማመጡ፣ የአንገቱ ዘንበል ማለት፣ የእጁ አኳኋን። ኮት ለሌለው ኮት ያውሳል። የእጅ ሰዓት፣ ብዕር፣ ሬዲዮ ያቀርባል። ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ አንድ ወጣት በጣቶቹ ጫፍ አንዲት አበባ ይዞ የተነሳበት ፎቶ አለው። ፈልጋችሁ አግኙትና አንድ ሳምንት አብራችሁት ቆዩ። በመጀመሪያው ቀን አበባዋን ታያላችሁ። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ እንዴት እንደያዟት ታያላችሁ። ሳምንቱ ሳያልቅ ያ ልጅ ራሱን እንዴት ማየት ይፈልግ እንደነበር ይገባችኋል፤ ኬይታ ያንን ነው ያነሳለት።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። እኛ ዘንድ የእርቃን ፎቶ ሲባል ሰው ፊቱን ያዞራል። አልፈርድበትም፤ እኔም ነውርንና ክብርን እየተማርኩ ነው ያደግኩት። እናንተ ግን እንደምታዩት አውቃለሁ። ማንም ሳይነግራችሁ፣ ምኑን ከምኑ እንደምትለዩ ሳታውቁ፣ ብቻችሁን ስታዩት ዝም ማለት አባትነት መስሎ አልታየኝም።

ኤድዋርድ ዌስተን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 አንድ የፈረንጅ ቃሪያ የቆርቆሮ ኢንቡቶ ውስጥ አስቀምጦ አነሳ። ቃሪያው ያጎነበሰ ሰው ጀርባ ይመስላል። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሳንታ ሞኒካ ላይ፣ ኋላ ሚስቱ የሆነችውን ካሪስ ዊልሰንን እርቃኗን አነሳት። ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣለች፤ ክንዶቿ እግሮቿን አቅፈዋል፤ ፀሐዩ ስለበረታባት ራሷን ደፍታለች። ፊቷ አይታይም። ካሜራው ኔጋቲቩ (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚወጣበት ፊልም) 20 በ25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትልቅ ሣጥን ነው። ዌስተን ፎቶ የሚያሰፋውን ማጉያ አይጠቀምም፤ ኔጋቲቩን ወረቀቱ ላይ አስተኝቶ ነው የሚያትመው። ፎቶ በሚታተምበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ለሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ አንዲት ጸጉር አትጠፋም። እኔን ያስገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የተባለው ነው። ዌስተን በቀኝ ክንዷ ላይ ባረፈው ጥላ አልረካም ነበር። እሷ ደግሞ የጸጉሯ መስመር ጠማማ በመሆኑና የጸጉሯ ማስያዣ በመታየቱ ቅር ይላት ነበር። እስቲ አስቡት፤ እርቃኗን የተነሳች ሴት፣ ቅር ያላት ጸጉሯ ነው! ገላዋን የተሰረቀች ሴት ስለ ጸጉሯ መስመር አትጨነቅም። ያ ፎቶ የሁለት ሰዎች ሥራ ነው፤ ሁለቱም እንዲያምር ደክመውበታል።

እርቃን ማለት የወንድ ዓይንና የሴት ገላ ብቻ ነው ብላችሁም አታስቡ። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ኢሞጀን ካኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1915 የገዛ ባሏን እርቃኑን ተራራ ላይ አንስታው ሲያትል ከተማ ጉድ ተባለ። የፈረንጅ ነገር ነው የምትሉ ካላችሁም፣ ናይጄሪያ፣ ሌጎስ ተወልዶ ለንደን የኖረው ፎቶ አንሺ ሮቲሚ ፋኒ ካዮዴ አለ። በ34 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1989 አረፈ እንጂ፣ የዮሩባን ሕዝብ እምነት ምልክቶች ከጥቁር ሰው ገላ ጋር አዋሕዶ ያነሳቸው ፎቶዎች እስከ ዛሬ ከኔ አልወጡም። ለእኔ ዕድሜ የሚቀርበው ግን ጆን ኮፕላንስ የሚባለው ፎቶ አንሺ ነው። ስልሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ የገዛ ገላውን ማንሳት ጀመረ። ፊቱን አያሳይም። በአንዱ ፎቶ ጀርባው እንደ ቋጥኝ ቆሞ፣ ከላዩ ሁለት ቡጢዎች ብቅ ብለዋል። የደከመ ቆዳ፣ ጸጉር፣ የዕድሜ ክብደት። መጀመሪያ ሳየው አፈርኩለት። ደግሜ ሳየው ጠዋት ጠዋት በመስታወት የማየውን የራሴን ገላ አሰብኩ፤ ጠልቼው እንደኖርኩም ያኔ ገባኝ።

እንግዲህ ሌላኛውን ወገን ልንገራችሁ፤ ይህ የእኛው ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶች እርቃናቸውን እየተነሱ በፖስት ካርድ ተሽጠዋል፤ በወታደር ኪስ ውስጥ ዞረዋል። አንድ ቀን አንድ ሰው ከነዚያ አንዱን ይዞልኝ መጣ። አባዝቼ እንዳትምለት ነው የፈለገው፤ ለቱሪስት ሊሸጠው። ማጉያ መነጽሬን አንስቼ አየሁት። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ አንሺው ሥራውን ያውቃል። በስተቀኝ ጥግ ግን የአንድ ሰው ቡትስ ጫማ ጫፍ ይታያል። የልጅቷ ዓይን ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደዚያ ጫማ ነው። ስሟ የትም አልተጻፈም። መለስኩለት። ያን ቀን ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ አልቻልኩም።

በዌስተን ፎቶና በዚያ ፖስት ካርድ መካከል ያለውን ልዩነት ብርሃን አይነግራችሁም። ልብስ ለብሶ በተነሳ ሰው ላይም ያው ነው። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሳቻትን የተራበች እናት የማያውቅ ፎቶ አንሺ የለም። ላንግ ስሟን አልጠየቀቻትም። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗን ዓለም ያወቀው ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ያኔ ሴትዮዋ ባልተነሳሁ ይሻለኝ ነበር፣ ከፎቶውም ያገኘሁት ነገር የለም ብላ ተናገረች። ፎቶው ለብዙ ረሃብተኞች እህል እንዳስገኘ አውቃለሁ፤ ላንግንም አከብራታለሁ። የሴትዮዋ ቅሬታ ግን ትክክል ነው።

የምናገረው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መጥታ ተነሳች። ብርሃኑ እንዲያ ቀንቶኝ አያውቅም። አጎላሁት፣ አስጌጥኩት፣ ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ሰቀልኩት። አልጠየቅኳትም። ሰው ሁሉ እየቆመ ያየው ነበርና ኮራሁ። በሦስተኛው ሳምንት እናቷ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው መጡና «ልጄን ከመንገድ ላይ አውርድልኝ» አሉኝ። ልጅቷ በዚያ መንገድ ማለፍ ትታ ዞራ ነበር ትምህርት ቤት የምትሄደው፤ የሠፈር ጎረምሳ ሁሉ በፎቶው ስም አውጥቶላት ነበር። ልብሷ እስከ አንገቷ የተቆለፈ ነበር፣ ልጆቼ። ያራቆትኳት ግን እኔ ነኝ። ፎቶውንም ኔጋቲቩንም ለእናቷ ሰጠሁ። ይቅርታ የጠየቅኩት እናቷን ነው፤ እሷን ራሷን ለማግኘት አልደፈርኩም። ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

ስለዚህ ገላ የማንሳት ፍላጎት ካላችሁ፣ ዕድሜው ያልደረሰን ሰው ፈጽሞ አታስቡት። የደረሰውንም ፎቶው የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያየው ቁጭ ብላችሁ ንገሩት፤ ነገ «ተውኩት» ካለ ደግሞ ተዉት። ወረቀት ማስፈረም ጥሩ ነው፤ ወረቀቱ ግን ውይይቱን አይተካም። ገና ሳትጀምሩ አንድ ቀን እናንተም ሌላ ካሜራ ፊት ተቀመጡ። ከሌንሱ ወዲያ ማዶ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ያልቀመሰ ሰው ሌላውን «ልብስህን አውልቅ» ማለት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ፎቶ አንሺዎችን ስትፈልጉ የስልኩን ጎርፍ ተዉትና እንደ ኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ያሉ ሙዚየሞች በነፃ የከፈቱትን ስብስብ እዩ። ከሥር የተጻፈውን አንብቡ፤ የአንሺው ስም ኖሮ የተነሺው ሲጠፋ ለምን በሉ። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለው የፎቶ ፌስቲቫል የብዙ አገር ፎቶ ወረቀት ላይ ታትሞ እዚሁ አዲስ አበባ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አድርጓል። ሲዘጋጅ እንዳያመልጣችሁ። የእሷንም ሥራ እዩ፤ ፊታቸውን በነጭ፣ በቀይና በሰማያዊ የቀባቻቸው ሴቶች ዝም ብለው አይታዩም፤ እነሱም ያዩአችኋል።

ከሁሉ በፊት ግን አያታችሁ ዘንድ ሂዱ። ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለች፣ ጥግ ጥጓ ቢጫ የሆነች ፎቶ ትኖራለች። ፈቃድ ጠይቃችሁ አውርዷት፤ ፍሬሙን በቀስታ ክፈቱና ጀርባዋን ገልብጡ። የፎቶ ቤቱን ማኅተም ታገኙ ይሆናል። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጡና ጠይቋቸው፦ ያን ቀን ከማን ጋር ሄዱ? አንሺው ምን አለዎት? ኮቱስ የማን ነበር?