ቆሞ የቆየ ግንባታ ከየት ይጀመር?

ወንድሜ፣ ቤቱ ከግሬድ ቢም (መሠረቱን ከሚያስረው የአርማታ አግዳሚ) በላይ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ወጥቶለት ሁለት ዓመት ቆሟል፣ አሁን ገንዘብ ስላገኘሁ ከየት ልጀምር ብለሃል። እንኳን ለዚህ አበቃህ! ግን ሲሚንቶ ለመግዛት አትቸኩል።

መጀመሪያ ወደ ላይ ተርፎ የቆመውን ፌሮ እይ። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው። ቀይ ዱቄት ብቻ ከረገፈ አትጨነቅ፤ ስስ ዝገት አርማታውን አይጎዳም። እንደ ቅርፊት እየተላጠ ከወደቀ ግን ፌሮው ቀጥኗል ማለት ነው። ያኔ መሃንዲስ ጠርቶ ውፍረቱን ማስለካት የግድ ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ፣ ቤቱን የሚሸከመው ፌሮው ነው።

የተረፈ ሲሚንቶ ካለህ እርሳው። በደንብ ቢቀመጥ እንኳ ከ3 ወር በኋላ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። እኔ በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል የያዘ ከረጢት "ወንፊት ያወጣዋል" ብለውኝ ለልስን ተጠቀምኩበት። ግድግዳው በእጅ ሲነካ ይረግፍ ነበር። አንጀቴ እያረረ አፍርሼ እንደገና አስለሰንኩ።

አዲስ አርማታ ከመሙላትህ በፊት የድሮውን ጫፍ በመሮ ሸካራ አድርገው፣ አቧራውን አጥበህ አርጥበው። የግንባታ ፈቃዱ ጊዜ እንዳላለፈም ክፍለ ከተማ ጠይቅ። ፌሮውን ከፈገፈግህ በኋላ ፎቶ ላክ፣ አብረን እናየዋለን።