ሥር ምሶ፣ ቅጠል ቀጥፎ ማከም ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የተወለድኩት በጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ራቅ ባለ ገጠር ነው። አያቴ ለምች፣ ለሆድ ቁርጠትና ለእባጭ ሥርና ቅጠል እየቀመመች የመንደሩን ሰው ታክማለች፤ ገንዘብ አትቀበልም። አሁን በምማርበት ከተማ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድም «የባህል መድኃኒት ሁሉ የጥንቆላ ዘር ነው፤ ለተጠመቀ ሰው ጠበልና ጸሎት ይበቃዋል» አለኝ። አያቴን እንድትተው ልንገራት? እኔስ ሙያውን ብማር ይከለከላል? በጾም ወቅትስ በቅቤ የተለወሰ መድኃኒት መውሰድ እንዴት ይታያል?

መልስ፦ እኅቴ፣ አያትሽን «ተዪ» አትበያቸው። ዳማከሴውንም፣ ጤና አዳሙንም፣ ግራዋውንም ያበቀለ እግዚአብሔር ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ ጌታ መሆኑን፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። በዚያው ምዕራፍ ለታመመ ሰው የተሰጠውን ምክር ልብ በዪ፤ አስቀድሞ ይጸልይ፣ ከኃጢአቱ ይመለስ፣ ከዚያም ለባለ መድኃኒቱ ስፍራ ይስጠው ይላል። ጸሎቱን ከሕክምናው ጋር አላጣላውም።

ያ ወንድም የንጉሥ ሕዝቅያስን ታሪክ ቢያነብ መልካም ነው። ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ አለቀሰ፣ ጸለየም፤ እግዚአብሔርም ሰምቶ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ይህን የምሥራች ከተናገረ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ዕድሜ መጨመር የሚችል አምላክ ያለ በለስ መፈወስ አቅቶት ነበርን? ሐዋርያው ጳውሎስም ድውያንን በተአምራት እየፈወሰ፣ ለሚወደው ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው፤ አብሮት የነበረውን ሉቃስንም «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ብሎ ጠራው።

ችግሩ የሚጀምረው በቅጠሉ ላይ ሌላ ነገር ሲታከልበት ነው። በእናንተ አካባቢም በእኛም በሰሜኑ ይህ አለ፤ ወደ አንዱ ሕዝብ ብቻ ጣት መቀሰር ተገቢ አይደለም። ባለ መድኃኒቱ በሽታሽን ሳይጠይቅ ስምሽንና የእናትሽን ስም ጠይቆ ኮከብ ከቆጠረ፣ መልኩ የተመረጠ ዶሮ ታርዶ ደሙ እንዲፈስ ካዘዘ፣ ለዛፉ ወይም በዛፉ ሥር ላለ መንፈስ ቅቤ እንዲቀባና እንዲለመን ካደረገ፣ የማይታወቅ ስም የተጻፈበት ክታብ አንገትሽ ላይ ካሰረ፣ ያ ሕክምና መሆኑ ቀርቷል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 የከለከለው ይህንን ነው። ያው ክታብ በመስቀል ሥዕል ቢያጌጥ፣ የጻፈውም ድግምት የሚያውቅ ደብተራ ቢሆን አይቀደስም፤ ይህን ስል ያዝናል ብዬ የምተወው ሰው የለም። የኤፌሶን ሰዎች ባመኑ ጊዜ የድግምት መጻሕፍታቸውን በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉ። በጓሯቸው ያለውን ቅጠል ነቅለው እንደጣሉ ግን አልተጻፈም።

ስለዚህ አያትሽን በእርጋታ ጠይቂያቸው፦ ሲቆርጡ የሚጠሩት ማንን ነው? አማትበው «በስመ አብ» ብለው ከቆረጡ ይባረኩ። ከአባቶቻቸው የወረሱት ሌላ ልመና ካለ እሱን ይተዉት፤ ቅጠሉ ያለ እሱም ያው ቅጠል ነው።

ሙያውን ተማሪ፤ እንዲያውም ፍጠኚ። የባህል መድኃኒት አዋቂዎቻችን «ከተነገረ ይረክሳል፣ ኃይሉን ያጣል» እያሉ ስንቱን እውቀት ይዘውት ወደ መቃብር ወርደዋል! መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ምን እንደተባለ ታውቂያለሽ። በደብተር ጻፊው፤ የቱ ተክል፣ የትኛው ክፍሉ፣ ስንት መጠን፣ ለማን እንደማይሰጥ። የገጠር እናቶች እውቀት ተራ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነሥቶ ነው እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር የታወቀው። እናቶች እንዶድን ከማንም ቀድመው ያውቁት ነበር።

«ለማን እንደማይሰጥ» ያልኩሽን አትዝለዪው። ኮሶን ውሰጂ። የኮሶ አበባ ትልን በማስወጣት የታወቀ ስለነበር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ያስመጡት ነበር፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን ሰውን ክፉኛ ይጎዳል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ሕፃን ትኩሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥ፣ ተቅማጥ አድክሞት ዓይኑ ሲጎደጉድ ቅጠል እየጨመቁ ማዋል ፍቅር አይባልም። ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ። አያትሽ «ይህ ከእኔ በላይ ነው» ብለው የሚልኩ ከሆነ እውነተኛ ባለ ሙያ ናቸው።

ጠበሉን በተመለከተ፣ ጠበል የሐኪምን መድኃኒት አያስጥልም። ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ለኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ጠበል ቦታ ሄደው ክኒናቸውን የጣሉ ሰዎች ደክመው ሲመለሱ ማየት ልብ ይሰብራል። ለቅጠሉም ቢሆን ያው ነው፤ ሐኪም ያዘዘልሽ ነገር ካለ ከመደባለቅሽ በፊት ለሐኪሙ ንገሪው።

በጾም ስለሚወሰደው፣ በማር ወይም በውኃ የሚለወስ ከሆነ እንደዚያው ይለወስ። ያለ ቅቤ አይሆንም የሚባል ከሆነና ሕመሙ የሚያስቸግር ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ለታመመ ሰው የሚፈቅዱት እሳቸው ናቸው። በራስሽ ፈቃድ አትጀምሪው፤ ሕመሙን ደብቀሽም ራስሽን አትጉጂ። ልትቆርቢ ያሰብሽ ቀን ከሆነ ደግሞ በጠዋት መድኃኒት ከመውሰድሽ በፊት ከእሳቸው ጋር ተነጋገሪና ቀኑን አስተካክዪ።